ዘጠኙስ?

የሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ የአሥር ለምጻሞችን ታሪክ ይነግረናል። አሥሩም በሩቅ ቆመው ምሕረት ለመኑ፤ አሥሩም ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ታዘዙ፤ አሥሩም በመንገድ ሳሉ ነጹ። ተመልሶ በክርስቶስ እግር ሥር ተደፍቶ ያመሰገነው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም አይሁድ እንደ ባዕድ የሚቈጥሩት ሳምራዊ። ጌታ በዚያ ጊዜ ያነሣው ጥያቄ የተቀሩት ዘጠኙ ወዴት እንዳሉ ነበር። ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ቁጥሩን ነው። ከአሥር አንድ ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የአሥራት ስሌት ነው። ከአሥር ብር አንዱን፣ ከአሥር ቁና እህል አንዱን ለእግዚአብሔር መመለስ ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት ነው። አንዱ ሲመለስ ታዲያ ያው የወንጌሉ ጥያቄ ይከተላል፤ ዘጠኙስ?

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በዚህች አጭር ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ክርስቲያን ለእግዚአብሔር ለይቶ የሚሰጠው ነገር፣ አሥራት ይሁን ሰንበት፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የታጠረ መሬት፣ ቀሪውን የግሉ የሚያደርግለት የቀረጥ ክፍያ ሊሆን አይችልም። የተለየው ክፍል ቀሪውም የእግዚአብሔር መሆኑን የሚናገር ምስክር ነው። ስለዚህ እግዚአብሔርን በምስጋና ማክበርና በታማኝ ባለአደራነት ማክበር አንድ ሥራ ነው። ምስጋና በአፍ ይጀምራል፤ እውነተኛነቱ የሚታወቀው የተቀበልነውን በምንይዝበት አያያዝ ነው፤ ከሁሉም በላይ በእጃችን በቀረው በዘጠኙ።

ምስጋናና አደራ

አማርኛችን ለዚህ ትምህርት ሩቅ አይደለም። ‹‹እንዴት አደርክ?›› የተባለ ሰው ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› ብሎ ይመልሳል፤ ስለ ራሱ ተጠይቆ ስለ ሰጪው ይናገራል። ውለታ የተዋለለት ሰው ደግሞ ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ይላል። የተቀበለው ከሰው እጅ ነው፤ ብድሩን የሚመልስለት ግን እግዚአብሔር እንደሆነ ያምናል። ከእነዚህ ቃላት አጠገብ ‹‹አደራ›› የሚል ቃል አለን። መንገደኛ ገንዘቡን ጎረቤት ዘንድ ሲያስቀምጥ፣ የምትሞት እናት ልጇን ለእኅቷ ስትተው የሚነገር ከባድ ቃል ነው። አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ይይዛል፣ ይጠብቃል፣ ያለማል፤ የእኔ ነው ግን አይልም። ‹‹አደራ በላ›› የሚለው ስድብ ‹‹ሌባ›› ከሚለው የሚከብደው ከንብረቱ ጋር የሰው እምነት አብሮ ስለተበላ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ደግሞ ባለአደራው መጋቢ ይባላል። ቃሉ መመገብንም ማስተዳደርንም ከሚይዘው ‹‹መገበ›› ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ መጋቢ የቤቱን ሀብት የሚያስተዳድረው ቤተሰቡ በልቶ እንዲያድር ነውና።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ምስጋናንና አደራን አንድ ላይ አጣምረው ያስተምራሉ። በኦሪት ዘዳግም 26ኛ ምዕራፍ ገበሬው የምድሩን በኩራት በዕንቅብ ይዞ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲመጣ፣ እህሉን አስቀምጦ እንዲሄድ ብቻ አልታዘዘም፤ ታሪክ እንዲናገር ታዟል። አባቱ ቤት የሌለው ስደተኛ እንደነበረ፣ ወገኖቹ በግብፅ በባርነት እንደተጨነቁ፣ እግዚአብሔር አውጥቶ ይህችን ምድር እንደሰጣቸው ይመሰክራል። ከዚያም ከሌዋዊውና በመካከሉ ከሚኖረው መጻተኛ ጋር በበረከቱ ደስ ይለዋል። ወደ ላይ የወጣው ምስጋና ወደ ጎረቤት ሲወርድ ሥርዓቱ ይፈጸማል። ንጉሥ ዳዊትም በአንደኛ ዜና መዋዕል 29ኛ ምዕራፍ ለቤተ መቅደሱ ሥራ ብዙ ወርቅና ብር ከተሰበሰበ በኋላ በስጦታው አልተመካም፤ ሕዝቡ የሰጠው ከእግዚአብሔር እጅ የተቀበለውን መሆኑን በጸሎቱ ተናገረ።

ቅዳሴያችንም ያንኑ ይላል። ቅዱስ ቁርባን በግሪክ ቋንቋ የሚጠራበት ስም ትርጉሙ ምስጋና ነው፤ በእኛም ቅዳሴ ውስጥ ‹‹ጸሎተ አኮቴት›› የምስጋና ጸሎት ማለት ነው። ወደ መሠዊያው የሚቀርበውን እናስተውል። ስንዴው እንደታጨደ አይቀርብም፤ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በቤተ ልሔም ተጋግሮ ኅብስት ይሆናል። ዘቢቡም ተጨምቆ ወደ ጽዋው ይገባል። ዝናቡን፣ ፀሐዩንና ዘሩን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ መፍጨቱና መጋገሩ የሰው ድካም ነው። ምስጋና ማለት እንግዲህ የተቀበሉትን በሥራ አክብሮ መመለስ ነው። የሰው እጅ ያልነካው ስጦታ ገና ዘር ነው፤ ሰጪውን የረሳ የሰው ሥራም ከመሠዊያው ፊት የሚቆምበት ቦታ የለውም።

የማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የሚያቀርበው የመክሊት ምሳሌ ይህን ያብራራል። አንድ መክሊት በዚያ ዘመን 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ አንድ መክሊት ብቻ የደረሰው ሦስተኛው አገልጋይ የተቀበለው የ20 ዓመት ገደማ የድካም ዋጋ ነበር። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ትንሽ የተሰጠው ሰው የለም። ይህ አገልጋይ መክሊቱን አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ ቀበረው። ምክንያቱን ሲያስረዳ የሚያወራው ስለ ጌታው ክፋት ነው፤ ካልዘራበት የሚያጭድ ጨካኝ እንደሆነ ይናገራል። የ20 ዓመት ሀብት በእጁ ይዞ ሰጪውን ቀማኛ አለው። ምስጋና የጠፋበት ልብ አደራን በፍርሃት ይይዛል፤ ፍርሃት ደግሞ ወይ ይቀብራል ወይ ይሰስታል። ሁለቱ ባልንጀሮቹ ወጥተው የነገዱት ሰጪያቸውን ስላመኑት ነው። ታማኝ ባለአደራነት ከምስጋና የሚወለደው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ማለዳ ተነሥቶ በላቡ ያገኘውን ሰው ‹‹የአንተ አይደለም›› ማለት ድካሙን መናቅ አይሆንምን? መልሱ ድካሙን በመካድ አይገኝም። መጽሐፍ ቅዱስ የሠራተኛን ዋጋ መከልከል ወደ ሰማይ የሚጮህ ግፍ እንደሆነ ያስተምራል፤ ላብ የከበረ ነገር ነው። ዘዳግም 8ኛ ምዕራፍ ግን ሰው ከጠገበ በኋላ ሀብቱን ሁሉ የጉልበቱ ፍሬ እንዳያደርገው ያስጠነቅቃል፤ ጉልበቱን ራሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ያስታውሰዋል። ጎበዝ ነጋዴ ሒሳብ ያስተማረውን መምህር አልፈጠረም፤ ብርቱ ገበሬ ዝናብን አላዘዘም፤ አዋቂ ሐኪም የተወለደባትን ቤት አልመረጠም። ከላባችን በፊት የነበሩትን ስጦታዎች ብንቈጥር ላባችን በእነርሱ ላይ የተጨመረ ሆኖ እናገኘዋለን። ላቡ የእኛ ድርሻ ነው፤ እርሱም በአደራው ላይ የሠራንበት እንጂ የአደራው ባለቤት ያደረገን አይደለም።

በቅጥሩ ውስጥና ከቅጥሩ ውጭ

ይህ ትምህርት በምድር ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ደቡብ ጎንደር መሄድ ይበቃል። አካባቢውን ከአየር የሚያይ ሰው እስከ አድማስ በተዘረጋ የታረሰ መሬት መካከል እዚህም እዚያም የተተከሉ ክብ አረንጓዴ ነጥቦችን ያያል፤ በእያንዳንዱ መካከል የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አለ። በሰሜኑ የአገራችን ደጋ የቀረው ጥንታዊ ደን አብዛኛው ያለው በእነዚህ አጸዶች ውስጥ ነው። ብዙ አንባቢ ‹‹እመጓ›› በተባለው መጽሐፉ የሚያውቀው የደን ሳይንስ ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግቧል። በዙሪያው ካለው እርሻ የጠፉት ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ሌሎች ነባር ዕፀዋት እዚያ ዘራቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። ምንጭ ይጠብቃሉ፣ ሰብል የሚያዳቅሉ ንቦችንና አእዋፍን ያስጠልላሉ፣ ለባህል መድኃኒት ሥርና ቅጠል ይሰጣሉ።

እነዚህን ዛፎች ለዘመናት የጠበቃቸው የደን ሕግ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ አይደለም። ገበሬው ማገዶ እያጣ፣ በሬው ሣር እያጣ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ያለውን ወይራ ያልነካው የእግዚአብሔር ነው ብሎ ስላመነ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ደን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው፤ አጸድ የሌለው ደብር እንደተራቆተ ይታያል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ሰፊ ርስት ከእጇ ካወጣ በኋላም በቅጥሯ ውስጥ የቀረው ደን ተርፏል። ሰነድ ያላስጣለውን እምነት አስጥሎታል ማለት ነው። ‹‹የእግዚአብሔር ነው›› የሚል እምነት ዛፍን ለመቶ ዓመታት አቁሞ የማቆየት ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

ይኸው ማስረጃ ግን ይወቅሰናልም። አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች በ1938 እ.ኤ.አ. የተነሡ የአየር ፎቶግራፎችን ከቅርብ ዓመታት ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ስፋት በአብዛኛው እንደጸና አግኝተዋል። በደኖቹ መካከል የነበረው ቁጥቋጦና ዱር ግን እየተመነጠረ በእርሻ ተተክቷል፤ ዛሬ ደኑ የሚያበቃበትና ባዶው መሬት የሚጀምርበት ድንበር በቢላዋ የተቈረጠ ያህል ጥርት ብሎ ይታያል። ከቅጥሩ ውስጥም ቢሆን ነባሩ ዛፍ በባሕር ዛፍ እየተተካ የሄደባቸው ቦታዎች አሉ። ከድንበሩ በዚህም በዚያም የሚኖረው ያው ሕዝብ ነው፤ ያው ጸሎት ይጸልያል፣ ያው ጾም ይጾማል። በሬ ጠምዶ እስከ ድንጋዩ ጥግ የሚያርሰው ገበሬ እሑድ ከዛፉ ጥላ ሥር የሚሰግደው ምእመን ነው። ድህነትና የመሬት ጥበት እንደገፋው አይካድም። ነገር ግን ችግሩ ያልደፈረው ድንበር አለ፤ ያንን ድንበር ያጸናው ‹‹ይህ የእግዚአብሔር ነው›› የሚለው እምነት ነበርና፣ ከድንበሩ ወዲህ ያለውን የማን እንደሆነ ቆጥረነው እንደነበር መጠየቅ ይገባናል። አንዱን አክብረን ለእግዚአብሔር ሰጠን፤ ዘጠኙን የእኛ አደረግን፤ ዘጠኙም አለቀብን።

በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ሌላ መንገድ እንደነበረ ያሳያል። የዘጌ ሰው ከገዳማቱ መሥራች ከአባ በትረ ማርያም ጋር በሚያያይዘው ትውፊት መሠረት፣ በዚያ ምድር በበሬ አይታረስም፤ ሕዝቡ ከቡና፣ ከጌሾና ከሎሚ እንዲኖር ቃል ተገብቶለታል ተብሎ ይታመናል። በዚህ ምክንያት ደኑ በገዳማቱ ቅጥር ሳይወሰን የምእመናኑን ይዞታ ጭምር ሸፈነ፤ ቡናውም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቀለ። እዚያ ባለአደራነት የመነኮሳት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የተራው ቤተሰብ የኑሮ ዘዴ ነበር። ሰው ከደኑ በላ፣ ደኑም ቆመ። ዛሬ ዘጌም የማገዶና የገበያ ጫና አለባት፤ ቢሆንም ቅድስና ከአጥር አልፎ ወደ ጓሮ ሲገባ እርሻና ደን፣ እንጀራና እምነት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ በብዙ ትውልድ አሳይታናለች።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት በ1967 እ.ኤ.አ. ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ክርስትና፣ በተለይ የምዕራቡ፣ ሰውን ከፍጥረት ሁሉ በላይ ጌታ በማድረጉ ለተፈጥሮ መጥፋት ትልቅ ኃላፊነት እንዳለበት ተከራክሯል። ክሱ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ለሰው የተሰጠውን ገዥነት እንደ ብዝበዛ ፈቃድ ያነበቡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አሉም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ በሁለተኛው ምዕራፍ ሰው በገነት የተቀመጠበትን ሥራ ሲናገር ማልማትንና መጠበቅን አንድ ላይ ይሰጠዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ መሬት በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ያዝዛል፤ መሬቱ የእግዚአብሔር፣ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶች ስለሆኑ ለዘላለም እንዳይሸጡት ይከለክላል። በ19ኛው ምዕራፍ ደግሞ አጫጁ የእርሻውን ዳርቻ ለድሀውና ለመጻተኛው እንዲተው ይነግረዋል። የደቡብ ጎንደር አጸዶች የዋይትን ክስ በግማሽ ያፈርሳሉ፤ ባዶው ሜዳ በግማሽ ያጸናዋል። ያጠፋን እምነቱ ሳይሆን እምነቱን በአጥር መወሰናችን መሆኑን ሁለቱ አብረው ይናገራሉ።

የገንዘቡ ጥያቄ

ስለ ባለአደራነት ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ገንዘብ ሊጠየቅ መሆኑን ነው፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልመጣም። ስጡ፣ በእጥፍ ይመለስላችኋል የሚል ስብከት በዘመናችን ተስፋፍቷል፤ ከዕለት ጉርሱ ከፍሎ የሰጠ ድሀ የተነገረው ብልጽግና ሳይመጣ ሲቀር እምነቱ እንደጎደለ ይነገረዋል። ይህ የምስጋና ትምህርት አይደለም፤ ንግድ ነው። ምስጋና አስቀድሞ ወደ ተቀበለው ያያል፤ ንግድ ወደ ሚያተርፈው። ትርፍ አስቦ የሚሰጥ ሰው እግዚአብሔርን እንደ ሰጪ አላከበረውም፤ እንደ ተበዳሪ ቆጠረው። ይህን ስብከት የሚደግፉ ሁልጊዜ የሚጠቅሱት የሚልክያስን ሦስተኛ ምዕራፍ ነው። መጽሐፉን ከመጀመሪያው የሚያነብ ግን ነቢዩ አስቀድሞ የወቀሰው ካህናቱን መሆኑን ያያል፤ ዕውርና አንካሳ መሥዋዕት በማቅረባቸው፣ ሕጉንም በማጣመማቸው። በዚያው በሦስተኛው ምዕራፍ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀሩ፣ መበለቲቱንና መጻተኛውን የሚገፉ ይፈረድባቸዋል። አሥራቱ ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ የሚቆም ትእዛዝ አልነበረም።

ጌታም በማቴዎስ ወንጌል 23ኛ ምዕራፍ ከእንስላልና ከከሙን ሳይቀር አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን የተዉትን ፈሪሳውያን ወቅሷል። አሥራቱን እንዲተዉት አላለም፤ ያንን ሳይተዉ ይህንን ማድረግ ነበረባቸው። ከጓሮ የተለቀመ ቅመም እንኳ በትክክል ተቆጥሮ አንዱ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል፤ ዘጠኙ እጅ ላይ ግን ግፍ ነበረ። በዘመናችንም ሚዛን አጉድሎ ከሸጠው ላይ አሥራት ያወጣ፣ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ይዞ ለሕንፃ ግንባታ ያዋጣ ሰው በዚያ ወቀሳ ውስጥ ራሱን ያገኛል። አንዱ ንጹሕ የሚሆነው ከንጹሕ አሥር ሲወጣ ነው።

ደግሞም ባለአደራነት ከሰጪው እጅ ላይ አያበቃም፤ ተቀባዩንም ይይዛል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በርስት ገቢ መኖሯ ቀርቶ ኑሮዋ በምእመናን አሥራትና መባ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ አብረው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ መሠረት ጥሎ ነበር። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በ8ኛው ምዕራፍ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፋቸው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ‹‹እመኑኝ›› ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ግን በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ቅን የሆነውን አሰበ። በአንጻሩ ከደቀ መዛሙርቱ መካከል የገንዘብ ከረጢቱን ይዞ የነበረው ይሁዳ ከውስጡ ይወስድ እንደነበር የዮሐንስ ወንጌል ጽፏል። ደረሰኝ መስጠት፣ ሒሳብን በውጭ ኦዲተር ማስመርመር፣ ለጉባኤው ገቢና ወጪን ማንበብ ከመንፈሳዊነት የሚያንስ የጽሕፈት ሥራ አይደለም። ሒሳቡን የሚሰውር ማኅበር ምእመናኑን ስለ አደራ ሊያስተምር አይችልም።

ተመስገን ማለት ዝም ማለት ነውን?

ሌላው ብርቱ ተቃውሞ ከድሆች ወገን የሚመጣ ነው። ‹‹ተመስገን በል›› የሚለው ምክር ለተራበው፣ ለተፈናቀለው፣ ደመወዙን ለተነጠቀው ሰው አፍ ማስያዣ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ይህ መደረጉ እውነት ነው፤ ምክሩን እንዲህ መጠቀም ግን ስሕተት ነው። ምስጋና ለሰጪው የሚቀርብ ነው፤ ለበዳዩ የሚሰጥ ይቅርታ ወይም ለግፍ የሚፈረም ማረጋገጫ አይደለም። ከመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ብዙ ክፍል እስከ መቼ ብሎ የሚያለቅስ ሙሾ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሙሾውንና ምስጋናውን በአንድ መጽሐፍ ታነባለች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የቁስጥንጥንያን ሀብታሞችና ቤተ መንግሥቱን በመገሠጹ በግዞት ሲንከራተት በ407 እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ ዐረፈ፤ የመጨረሻ ቃሉ ስለ ሁሉ ነገር ለእግዚአብሔር የቀረበ ምስጋና እንደነበረ ታሪኩ ይናገራል። ስለ ሁሉ ያመሰገነው አፍ ለድሀው ዝም ያላለው አፍ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ያለ ጠብ ኖረዋል።

ከዚህ ቅዱስና ከቅዱስ ባስልዮስ ትምህርት የምንማረው ደግሞ የምስጋና ሸክም በመጀመሪያ በድሀው ትከሻ ላይ እንደማይጫን ነው። ባስልዮስ በጎተራ የተከማቸው እህል የተራበው፣ በሣጥን የተቆለፈው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት እንደሆነ ሰብኳል። አፈወርቅም ስለ ሀብታሙና ስለ አልዓዛር ባስተማረው ትምህርት ያለውን ለድሀ አለማካፈል ቀምቶ መያዝ መሆኑን አስረድቷል። ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ያሠራው መጠለያ የዚህ ስብከት ፍጻሜ ነበር። ብዙ የተሰጠው ሰው ‹‹ተመስገን›› ብሎ ሲያበቃ በጎተራው ውስጥ የድሀው ድርሻ እንዳለ ከረሳ ምስጋናው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ጥቂት ላለው ሰው ደግሞ ጳውሎስ ስጦታ የሚወደደው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ጽፏል። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ጌታ ያከበራት በዚህ ሚዛን ነው፤ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጸሐፍትን የገሠጸውም በማርቆስ ወንጌል በዚያው ምዕራፍ፣ ከእርሷ ታሪክ ቀደም ብሎ ባሉት ቁጥሮች ነው።

ዘመናዊው የሥነ ልቦና ጥናትም ምስጋናን ያወድሳል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል መከላክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሚያመሰግኑበትን ነገር በየጊዜው የመዘገቡ ሰዎች ችግራቸውን ከመዘገቡት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንደነበራቸው፣ ሌላውን ለመርዳትም የበለጠ እንደተነሣሡ አሳይተዋል። ግኝቱ ደስ ያሰኛል። ክርስቲያናዊ ምስጋና ግን ለራስ ጤና በሚወሰድ መድኃኒትነት አይወሰንም፤ የሚቀበለው አካል አለው። ሳምራዊው ለምጻም ደስታውን በልቡ ይዞ መንገዱን ቢቀጥልም ቆዳው ነጽቶ ነበር። ወደ ኋላ የመለሰው የሰጠው ፊት ስለነበረ ነው።

ዘጠኙን መመለስ

ታዲያ ዘጠኙ የሚመለሱት እንዴት ነው? ሁሉን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሣጥን በመጣል አይደለም። ለልጅ ትምህርት የሚከፈለው፣ ለቤት ኪራይ የሚወጣው፣ ለነገ የሚቀመጠው የዘጠኙ ሥራ ነው፤ መጋቢ ቤቱን መመገብ አለበት። ጥያቄው ይህ ሁሉ በማን ስም እንደሚያዝ ነው። መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ክርስቲያን ባለጉዳዩን ያለ ምክንያት ‹‹ነገ ና›› ሲለው የሚያባክነው የራሱን ጊዜ አይደለም፤ እግዚአብሔር ለሌላ ሰው የሰጠውን ቀን ነው። የመንግሥት መኪና ለግል ጉዳይ የሚያሽከረክር፣ የቢሮ ወረቀት ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ባለቤት የሌለው ነገር የነካ ይመስለዋል፤ የብዙዎች አደራ ነው የነካው። ድግስ ላይ ተቆልሎ የሚደፋ እንጀራ፣ በተሰበረ ቧንቧ ሌሊቱን የሚፈስ ውኃ፣ ያልተጠቀምንበት ዕውቀት፣ ለታናሽ ያላስተላለፍነው ሙያ፣ ሁሉም ከተቀበሩት መክሊቶች ወገን ናቸው። እነዚህን ማቅናት ከአሥራት በላይ የተጨመረ ትሩፋት አይደለም፤ አሥራቱ የመሰከረለት ነገር እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ይህ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት የሚያጸድቀን ሒሳብ ነው ብሎ የሚፈራ ይኖራል። ነገር ግን ለምጻሞቹ የነጹት ሳያመሰግኑ በፊት ነው፤ መክሊቱም የተሰጠው ከሥራው በፊት ነው። ጸጋው ይቀድማል። ባለአደራነት የጸጋው ዋጋ ሳይሆን ጸጋው የደረሰበት ሰው አረማመድ ነው፤ ፊቱን አዙሮ የሚመለስ ሰው አረማመድ።

በደቡብ ጎንደር ካህናትና ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እየሠሩ ነው። ድንጋዩን የሚለቅሙት ከእርሻቸው ነው፤ ማሳው ለማረሻ ሲጸዳ ደኑ ከከብት ይጠበቃል፤ ከብት ያልረገጠው ችግኝም ያድጋል። በአንዳንድ ቦታ ካቡን የሠሩት ዛፉ በሚያበቃበት ጥግ ላይ አይደለም። ጥቂት ወደ ውጭ ገፋ አድርገው፣ ባዶውን መሬት ወደ ውስጥ አስገብተው ነው የካቡት፤ በዚያ ባዶ ስፍራ ላይ ችግኝ ብቅ ብሏል። ከአሥር አንዱን መስጠት ቅጥር መሥራት ነው። ምስጋና ቅጥሩን በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ዘጠኙ ይገፋዋል።